ግራ እጁን ያነሳው እንግሊዛዊ

አትላንታ አጠገብ ስኔልቪል ካለው የብስክሌት ሱቅ ጡረታ የወጣሁት ዓይኔ ደክሞ ወይም ወገቤ እምቢ ብሎኝ አይደለም። ማርሽ በባትሪ መቀየር ሲጀምር ነው። አንድ ደንበኛ ብስክሌቱን ይዞ መጣና ማርሹ አልታዘዝ እንዳለው ነገረኝ። መፍቻዬን አንስቼ ጎንበስ ስል ሰውየው ስልኩን አወጣ። «ቆይ ቆይ፣ ለካ አፕዴት አላደረግኩትም» አለና እዚያው ቆሞ በጣቱ ነካክቶ አስተካከለው። መፍቻዬን መልሼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። በዚያው ሳምንት ለአለቃዬ በቃኝ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ የማወራው የሚያስቀውን ነው፤ መቀመጫው ሥር ወፍ ጎጆ ሠርታበት የመጣውን ብስክሌትና የመሳሰለውን። እዚህ ግን የምጽፈው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለውን፣ እስካሁን ሳስበው ፊቴን የሚያግለኝን ነው።

ብስክሌት የተማርኩት ድሬዳዋ ነው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ፖስተኛውም አስተማሪውም በብስክሌት ነበር የሚሄደው። ከዚራ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎማ በመለጠፍ ጀመርኩ፤ ቆይቼ የተጣመመ ቸርኬ ማቃናት ለመድኩ። ከዚያ አገር ሲታመስ በጅቡቲ በኩል ወጣሁ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ከባለቤቴ ከጽጌ ጋር አትላንታ ገባን። መጀመሪያ የአንድ ሆቴል መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ቆረጥኩ። ከዚያ በምሄድበት አውቶቡስ መስኮት የብስክሌት ሱቅ አየሁ፤ ወርጄ ገባሁ፤ ሥራ ሰጡኝ። ክፍያው በሰዓት ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም።

ችግሩ ሥራው አልነበረም፤ ሥራውን ለሰው መናገሩ ነበር። ያኔ አበሻው ጥቂት ነው፤ እሁድ እሁድ በተከራየነው የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቅዳሴ አስቀድሰን ስንወጣ ወሬው ሁሉ ሥራ ነው። አንዱ ነርሲንግ ይማራል፣ አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ አንዱ ጋዝ ስቴሽን ሊገዛ ነው። እኔን «አንተስ?» ሲሉኝ «ሜካኒክ ነኝ» እላለሁ። መኪና ይመስላቸዋል። አላርማቸውም። አገር ቤት ብስክሌት መጠገን የልጅ ሥራ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ መጥቶ ጎማ የሚለጥፍ ሰው መሆኔ እንዲታወቅ አልፈለግኩም።

ታዲያ አንድ እሁድ ጋሽ ወንድሙ፣ የማኅበራችን ሽማግሌ፣ እጄን ይዘው ወደ መኪናቸው ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ እስቲ ይቺን ነገር እያት። ዳገት ስትወጣ ታጉረመርማለች።»

ሞተሩን ከፈትኩት። ለእኔ ከነድምፁ ሌላ አገር ነው። ጎንበስ ብዬ ትንሽ አየሁ፣ አንድ ቱቦ ነካሁ፣ ተነሳሁ። «ጋሽ ወንድሙ፣ ይሄ መኪናውን የሸጠልዎት ዲለር የሚያየው ነው» አልኳቸው። ጽጌ ከእኔ ትከሻ ጀርባ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። ቤት እስክንደርስ ሳቋን አላቆመችም። እኔ አልሳቅኩም።

ሱቁ ውስጥ ሥራውን ያስተማሩኝ ሚስስ ዶሪን የሚባሉ እንግሊዛዊት ናቸው። ያኔ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው ነው ጆርጂያ የገቡት፤ ባላቸው ሞተዋል። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ብስክሌተኛ ነበሩ። አገራቸው ያኔ መንገድ ላይ በጅምላ መሽቀዳደም እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ተወዳዳሪ ሁሉ በማለዳ ጥቁር ለብሶ፣ ብቻ ብቻውን ከሰዓት ጋር ነበር የሚወዳደረው። አንድ ዳሌያቸው ታሟል፤ ሲራመዱ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፤ በእንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለ በድምፄ ነበር የማሳየው።

ልማዳቸው ብዙ ነው። ከሥራ በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው በስኳርና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያሻሉ፤ እኔንም ያሳሹኛል። ቸርኬ ሲያቃኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ይመታሉ፤ ክራር እንደሚቃኝ ሰው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። «ይሄኛው ሰነፍ ነው» ይሉኛል፤ በመፍቻ ሩብ ዙር ሳጠብቀው ድምፁ ከሌሎቹ ጋር ይገጥማል። የውድድር ጎማ፣ ውስጡና ውጩ አንድ ላይ የተሰፋውን፣ ገዝተው ወዲያው አይጠቀሙበትም። ቤታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በሟች ባላቸው ካፖርቶች መካከል ጨለማ ውስጥ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይሰቅሉታል። እንዲጠነክር ነው። ከዚያ በኋላ ነው በማስቲሽ ቸርኬው ላይ የምናጣብቀው፤ አንድ ጊዜ ቀብቶ ማድረቅ፣ ደግሞ ቀብቶ ማድረቅ፣ በሦስተኛው መጫን።

ከሁሉ በላይ የሚደጋግሙልኝ ግን ውድድር መሐል ስለሚደረግ ጎማ መቀየር ነው። ተወዳዳሪ ጎማው ሲተነፍስ እጁን ያነሳል፤ ግራ ከሆነ የፊት ጎማ ነው፣ ቀኝ ከሆነ የኋላ።

«እጁን ግን አትመን» ይሉኛል። «የደነገጠ ሰው እጁ ይዋሻል። ጎማውን እይ። በአውራ ጣትህ ተጫነው። ከዚያ ፍታ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ከአገራቸው በመርከብ የሚመጣላቸውን የብስክሌት መጽሔት ቆመው ያነባሉ፤ ወሬው ሳምንታት ያለፈው ነው። የሚፈልጉት የእንግሊዝ ልጆችን ስም ነው። የእሳቸው አገር ልጆች ሻንጣ ይዘው ፈረንሳይና ቤልጅየም ሲሄዱ ለዘመናት ሲሳቅባቸው እንደኖረ ነግረውኛል። ቋንቋ አይችሉም፣ ምግቡን አያውቁትም፣ አሠሪው ከራሱ ልጆች በኋላ ነው የሚያያቸው። በእነዚያ ዓመታት ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ የስኮትላንድ ልጅ በትልቁ የፈረንሳይ ውድድር ተራራው ላይ ሁሉን ቀድሞ ነጠብጣብ ያለበትን ማሊያ የለበሰ ጊዜ ሚስስ ዶሪን መጽሔቱን ዘግተው «ቋንቋ ሳይችል!» አሉ። እኔም ደስ አለኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ከእሱ ፈረንሳይኛ የሚሻል አልነበረም።

ትሬቨር የመጣው በሚቀጥለው በጋ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ነው፣ ረጅም፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ። አንድ የአሜሪካ ቡድን ለበጋው ቀጥሮት ነበር፤ የቡድኑን ብስክሌቶች የምንጠግነው እኛ ስለሆንን ሚስስ ዶሪን ቤታቸው ምድር ቤት አስቀመጡት። የቤልጅየም ቡድን አሠልጣኝ «አሜሪካ ሄደህ አንድ ውድድር አሸንፍና ደውልልኝ» ብሎታል። ያንን ስልክ ለመደወል ነበር የሚኖረው።

ብስክሌቱን የገጠምኩለት እኔ ነኝ። እንግሊዞች የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ ነው የሚይዙት፤ አሜሪካኖቹ በግራ። ቡድኑ የሰጠው ብስክሌት እንደ አሜሪካ ተገጥሞ ስለነበር ገመዶቹን ፈትቼ አቀያየርኩለት። አንድ ቀን እኛ ቤት ሊቶኒያ ራት ጋበዝነው። ጽጌ በምድጃ የተጋገረ ፓስታ ሠርታ አንድ ትሪ አቀረበች። ትሪውን ብቻውን ጨረሰው።

«ይሄ ልጅ ሆድ ነው ወይስ ጉድጓድ?» አለችኝ በአማርኛ።

«ምን አለች?» አለኝ ትሬቨር።

«ጎበዝ ነህ አለች።»

በጋው መጨረሻ ላይ አትላንታ ውስጥ ውድድር ነበር። የቡድኑ ቫን ውስጥ ሚስስ ዶሪን ሊነዱ፣ እኔ ጎማ ልቀይር ተመደብን። ያኔ ነው ኩራት የያዘኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መሐላቸው ቆሜ የአንድ እንግሊዛዊ ፕሮፌሽናል ብስክሌተኛ ሜካኒክ መሆኔን ተናገርኩ።

«የብስክሌት?» አሉ ጋሽ ወንድሙ።

«የብስክሌት። ኑ እዩኝ።»

መጡ። ውድድሩ አንድ ትልቅ ፓርክ ዙሪያ ነበር፤ አንድ ዳገት፣ አንድ ቁልቁለት፣ እንደገና ዙር። ቁልቁለቱ ግርጌ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ወንበርና ውሃ ይዘው፣ ሴቶቹ ጃንጥላ ዘርግተው ተሰብስበዋል። ቫናችን ባለፈ ቁጥር «ገዛኸኝ! ገዛኸኝ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። እኔ ከቫኑ ኋላ በተከፈተው በር አጠገብ አንድ የፊት አንድ የኋላ ጎማ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ እጄን አውለበልባለሁ።

ጥቂት ዙር ሲቀር ትሬቨርና አንድ አሜሪካዊ ከሌላው ተለይተው ወጡ። አሜሪካዊው ደክሟል፤ ዳገቱ ላይ ጭንቅላቱ ይወዛወዛል። ሚስስ ዶሪን መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ «ያዘው፣ ያዘው» ይላሉ። ቁልቁለቱን ስንጀምር የትሬቨር እጅ ተነሳ። ግራ እጁ።

«ፊት!» ብዬ ጮህኩ። ቫኑ በቅጡ ሳይቆም ዘለልኩ።

ጎማውን አላየሁም። አውራ ጣቴንም አላሳረፍኩም። የፊት ጎማውን ፈታሁ፣ አወጣሁ፣ አዲሱን አስገባሁ፣ አጠበቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ አላውቅም። ትሬቨር ከላዬ «ባክ! ባክ!» እያለ ይጮኻል። ባክ ኋላ ማለት ነው፤ ወደ ኋላ ሂድ ማለትም ይሆናል። እኔ ጨርሻለሁና ዞር በልልኝ ያለኝ መሰለኝ። ሁለት እጄን አንስቼ ወደ ኋላ ተራመድኩ። ትሬቨር አልሄደም። «ባክ!» አለ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ። እኔም እንደገና ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ሣሩ ላይ ደረስኩ።

ሰው ሳቀ። አልፈርድባቸውም፤ ከሩቅ ለሚያየው የሚያስቅ ነገር ነበር። ጃንጥላ የያዙት ግን አልሳቁም።

ሚስስ ዶሪን ከሹፌሩ ወንበር ወረዱ። ዳሌያቸውን ይዘው እያነከሱ የኋላ ጎማ ከቫኑ ጎትተው አወጡ፤ አስፋልቱ ላይ ተንበርክከው ቀየሩለት። ኋላ የነበረው የተወዳዳሪ ጭፍራ በሙሉ በዚያ መሐል አለፈን፤ ንፋሱ ቀሚሳቸውን አውለበለበው። ትሬቨር ሄደ። ግን የሚደረስበት ነገር አልነበረም።

ለምን ግራ እጁን እንዳነሳ የገባኝ እዚያው ሣሩ ላይ ቆሜ ነው። ቀኝ እጁ የፊት ፍሬኑን ይዟል። የኋላ ጎማው ተንፍሶ ቁልቁለት ላይ ያንን ፍሬን ቢለቅ ይወድቃል። የተረፈው ግራው ብቻ ነው። ገመዱን በቀኝ በኩል የገጠምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ይህን ማወቅ የነበረብኝ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ።

ውድድሩ ሲያልቅ የቡድኑ አለቃ ፊቱ ደም መስሎ መጣ። ሚስስ ዶሪን አፌን ሳልከፍት «እኔ ነኝ ፊት ያልኩት» አሉት።

«ኖ፣ እኔ ነኝ!» አልኩ። እግሬን ረገጡኝ። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮም አላየም፤ «በዚህ ዕድሜሽ ቤትሽ አትቀመጪም?» ብሎ ጮኸባቸው። ከዚያ በኋላ ያ ቡድን ሱቃችንን ለሥራ አልጠራም። ሚስስ ዶሪን መፍቻዎቹን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ ሳጥኑ መለሱ። ያን ጊዜ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ትሬቨር መንገዱ ጠርዝ ላይ ራሱን በፎጣ ሸፍኖ ተቀምጧል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ትሬቨር፣ ሶሪ።»

«ምንም አይደል» አለ ከፎጣው ሥር። ፎጣውን አልገለጠውም።

ጋሽ ወንድሙ ትከሻዬን ያዙኝ። «አይዞህ ልጄ። ብስክሌት እኮ ነው፤ ሰው አልሞተ።» ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን «ብስክሌት እኮ ነው» ያሉትን ይዤው ሄድኩ። መኪና ውስጥ ጽጌ «ልጁ ምን እያለ ነበር የሚጮኸው?» አለችኝ። ነገርኳት። መስኮቱን እያየች አሰበችበት።

«እኔም ብሆን ወደ ኋላ ነበር የምሄደው» አለች።

ትሬቨር ያንን ስልክ አልደወለም። ያለችውን ብር ይዞ ማንም ሳይጠራው ቤልጅየም ሊሄድ ወሰነ። ሊሰናበተን ሱቅ ሲመጣ ድምፁን ሰማሁና ወደ መጋዘን ገባሁ። «ጌዛ የለም?» ይላል፤ ስሜን እንዲህ ነበር የሚጠራው። ሚስስ ዶሪን «ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል» አሉት። በመጋዘኑ በር ስንጥቅ ጀርባውን አየሁት። ከዚያ ብዙ እሁድ ጽጌ ብቻዋን ነበር ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው። እኔ ኦቨርታይም አለብኝ እያልኩ የሕፃናት ብስክሌት እገጥማለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ስሙ መጽሔቱ ላይ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ከታች፣ በትንንሽ ፊደል። አንድ አነስተኛ ቡድን ወስዶት ነበር፤ ከሥጋ ቤት በላይ ባለች ጣሪያ ሥር ክፍል ይኖራል ተባለ። ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ። በኋላ ሚስስ ዶሪን ቆመው ሲያነቡ ቆዩና መጽሔቱን ለእኔ ሰጡኝ። በዝናብ ቀን፣ በድንጋይ መንገድ ላይ፣ አንደኛ ወጥቷል። ፊቱ ጭቃ ነው፤ የታወቀው በጥርሱ ብቻ ነው።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እፎይ እላለሁ ብዬ ስጠብቅ የባሰ አፈርኩ። ወድቆ ቢቀር የጣለው እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ የተሳካለት ያለ እኔ ነው። በዚህ ልጅ ሕይወት ውስጥ የእኔ ድርሻ ሣር ላይ እጅ አንስቶ መቆም ብቻ ሆነ።

አንድ ጠዋት ሚስስ ዶሪን ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ መጡ።

«ትሬቨር ነው። ቡድኑ እዚህ ሊወዳደር ይመጣል፤ ከአውሮፓ ብዙ ሰው አላመጡም፣ ሁለተኛ ቫን ይፈልጋሉ። አንተን ጠራ።»

«እኔን? በስሜ?»

«ስምህን አበላሽቶ። ግን አንተን።»

«አልሄድም ሚስስ ዶሪን። ሌላ ሰው ይውሰዱ።»

«እኔ እነዳለሁ» አሉኝ። «የምዘልበት ዳሌ ግን የለኝም።»

ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ጽጌም ሥራ የገባሁ መስሏታል። ሌሊቱን ያጣበቅኳቸውን ጎማዎች በጣቴ እየሳብኩ ስፈትሽ ነበር ያደርኩት። መንገዱ ሌላ ነው፤ ከአትላንታ በሰሜን በኩል በፒችትሪ ኮርነርስ አዳዲስ ቢሮዎች መካከል የሚዞር፣ በአንድ ድልድይ ሥር የሚያልፍ ሰፊ አስፋልት። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ከትሬቨር ጎማዎች ላይ አላነሳሁም፤ እጁን አላየሁም። ጎማዎቹ ደህና ነበሩ።

ዙሩ ሲደጋገም አንድ ሐሳብ መጣብኝ። አንዴ ቢተነፍስ። አንዴ ብቻ። ብዙ አያስቀረውም፤ ዘልዬ፣ አይቼ፣ ተጭኜ፣ ቀይሬለት ይሄዳል፤ ያ ሁሉ ይታጠብልኛል። ሐሳቡን ላባርረው ሞከርኩ። ከጥቂት ዙር በኋላ ግን ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ በአማርኛ፣ በእመቤታችን ስም እየለመንኩ ነበር። ለዚያ ልጅ ጎማ መተንፈስ።

አልተነፈሰም። ትሬቨር በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ቀድሞ አሸነፈ። እጆቹን ሁለቱንም አነሳ፤ እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ ነበር።

ወደ ቫኑ መጣ፤ ጨው ፊቱ ላይ ደርቋል። «ጌዛ! ዛሬ ሥራ አጣህ አይደል?» አለና ከነላቡ አቀፈኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። ፊቴ እሳት ሆነ።

«ያቺ ፓስታ አሁንም አለች?»

«አለች። ነገ ና።»

ስንመለስ ሀይዌዩ ተጨናንቋል። ሚስስ ዶሪን ሬዲዮ አልከፈቱም። ብዙ ከሄድን በኋላ አልቻልኩም።

«ሚስስ ዶሪን፣ ዛሬ ጎማው እንዲተነፍስ ስጸልይ ዋልኩ።»

መስታወቱን አዩ፣ መብራት አሳዩ፣ መስመር ቀየሩ። የሰሙኝ አልመሰለኝም ነበር።

«እኔም» አሉ።

«እርስዎም?»

«ድልድዩ ሥር የነበረውን የጠርሙስ ስባሪ አይተኸዋል?»

«አየሁት።»

«በላዩ ላይ ባለፈ ቁጥር ትንፋሼን እይዝ ነበር። ምንም ሳይሆን ሲወጣ እናደዳለሁ።» አንገታቸው ቀልቷል። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊት ፊቱን ብቻ ያያሉ። «የራሴ አገር ልጅ። ምድር ቤቴ ውስጥ ያሳደርኩት።»

ከፊታችን ያለው መኪና ቆመ፣ እኛም ቆምን። ሱቁ ልንደርስ ስንል ቀስ ብለው «ለማንም እንዳትናገር» አሉኝ።

«እሺ» አልኳቸው።